ሴረኛው ማነው? የጎንደር ግቢ የካርታ ጨዋታን በቤት እንዴት እንጫወታለን

የሚያስፈልገው አንድ ካርታ፣ ዘጠኝ ገደማ ሰውና ማታ ነው። መብራት ከሄደ እሰየው፤ ሻማ ለኩሱና ጀምሩ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከመሃላችሁ ሁለቱ ሴረኞች ናቸው። እነሱ ይተዋወቃሉ፤ ሌላው ግን ማን ምን እንደሆነ አያውቅም። ሌሊት ሴረኞቹ አንድ ሰው ይገድላሉ። ሲነጋ ሁሉም ይጨቃጨቅና በድምፅ አንድ ሰው ያስወጣል። ሁለቱም ሴረኞች ከወጡ ሕዝቡ አሸነፈ። ሴረኞቹ ከቀረው ሰው ጋር እኩል ከሆኑ ግን አለቀ፣ ግቢው የእነሱ ነው።

ጨዋታውን የጀመረው ዲሚትሪ ዳቪዶፍ ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ «ማፊያ» ብሎ። በ1997 አንድሩ ፕሎትኪን ማፊያዎቹን ሌሊት ተኩላ በሚሆኑ ሰዎች ተካቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የሚያውቀው በጨለማ የመካከለኛው ዘመን መንደር መልኩ ነው። እኛ ግን ለሴራና ለጨለማ አውሮፓ መሄድ አያስፈልገንም፤ ፋሲል ግቢ እዚሁ ነው። ታላቁ ኢያሱ በ1706 እ.ኤ.አ. ተገደሉ። ዙፋኑን የያዙት ልጃቸው ተክለ ሃይማኖትም በ1708 ተገደሉ። ዐፄ በካፋ ደግሞ ተራ ሰው መስለው በሕዝቡ መሃል ይዞሩ ነበር ይባላል። ማንነት መደበቅ ከዚህ በላይ አለ?

አንድ ነገር ግን አደራ። ተኩላ የሚሆን ሰው ሲባል ጎንደር ላይ ወዲያው አንዱ «በቃ ቡዳና ጅብ እናድርገው» ማለቱ አይቀርም። ተዉት። ቡዳ የሚለው ስም እዚህ አገር ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሉ በሱ ሲገለሉ ኖረዋል። አብሯችሁ ከተቀመጠው አንዱ አያቱ በዚህ ስም የተሰደቡበት ሊሆን ይችላል። ሴረኛ ማለት ይበቃል።

አሁን ካርታውን አውጡ። አንድ ሰው ዳኛ ይሁን፤ እሱ አይጫወትም። ለቀሩት ስምንት ሰዎች ስምንት ካርታ ለዩ፦ ሁለት ጆከር፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ንግሥት፣ አራት ባለ ቁጥር። ጆከር የደረሰው ሴረኛ ነው። ንጉሥ የደረሰው እልፍኝ አስከልካይ ነው፤ በየሌሊቱ አንድ ሰው ይጠብቃል፣ ያንኑ ሰው ግን በተከታታይ ሁለት ሌሊት መጠበቅ አይችልም። ንግሥት የደረሰው ሌባሻይ ነው። ድሮ መድኃኒት አጠጥተው ሌባ ፈልግ እያሉ የሚለቁትን ልጅ ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። የኛው ሌባሻይ መድኃኒት አይጠጣም፤ በየሌሊቱ አንድ ሰው ይጠቁማል፣ ዳኛውም ሰውዬው ሴረኛ ከሆነ አውራ ጣቱን ወደ ላይ፣ ካልሆነ ወደ ታች ያሳየዋል። ባለ ቁጥሮቹ ባላገር ናቸው። ከአፋቸው በቀር መሣሪያ የላቸውም።

ስድስት ከሆናችሁ አንድ ሴረኛ በቂ ነው። አሥራ አንድና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሦስት አድርጉ።

ከማደላችሁ በፊት የካርታዎቹን ጀርባ ተራ በተራ እዩ። ሲቆመርበት የከረመ ካርታ ጆከሩ ጥጉ ላይ የታጠፈ ወይም ቡና የነካው ይሆናል። ያን ያየ ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ጨርሶታል። አዲስ ካርታ ከሌላችሁ ወፍራም ወረቀት እኩል ቆርጣችሁ ጻፉበት፤ እስክሪብቶው በጀርባ እንዳይታይ ብቻ ተጠንቀቁ።

ዳኛው «ጎንደር ተኛች» ሲል ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በየተራ ይቀሰቅሳል፦ መጀመሪያ ሴረኞቹን፣ ቀጥሎ እልፍኝ አስከልካዩን፣ በመጨረሻም ሌባሻዩን። ሁሉም በጣት ብቻ ይጠቁማል። ትልቁ ጠላት ድምፅ ነው። የፕላስቲክ ወንበር ሲንቋቋ ወይም አምባር ሲንሿሿ ጎረቤት ጆሮውን ያቆማል። ስለዚህ ሌሊቱ እስኪያልቅ ሁሉም ጭኑን በመዳፉ እየመታ ይቆይ። እልፍኝ አስከልካዩ ወይም ሌባሻዩ በዚያው ሌሊት ቢሞት እንኳ ዳኛው ስማቸውን መጥራቱን አይተው፤ ከተወ ማን እንደሞተ አወጣ ማለት ነው።

ሲነጋ ዳኛው የሞተውን ይናገራል። የሞተው ካርታውን ይገልጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። መቃብር ውስጥ ሆኖ ፍንጭ መስጠት፣ ዓይን መጥቀስ፣ መሳቅ የለም።

አሁን አውጫጭኝ ነው። የጥንቱ አውጫጭኝ ላይ አገሬው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ አይበተንም ነበር። እናንተ ግን ሥራ አለባችሁ፣ ስለዚህ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ዳኛው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል፤ ሦስት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣቱን ይቀስራል። በየተራ ድምፅ ከሰጣችሁ የመጨረሻዎቹ የፊተኞቹን አይተው ይከተላሉ። እኩል ከሆነ ሁለቱ ተከሳሾች አንድ አንድ ደቂቃ ይከራከሩና ድምፁ ይደገም። አሁንም እኩል ከሆነ ማንም አይወጣም።

እኛ ጋ የግድ የሚያስፈልግ አንድ ደንብ አለ፦ መሐላ ክልክል ነው። «ማርያምን አይደለሁም»፣ «እናቴ ትሙት» የሚል ሰው ከመጣ ጨዋታው ተበላሸ። ወይ በከንቱ ምሏል፣ ወይ ሁሉም አምኖት ክርክሩ ሞተ። ከታላላቆች ጋር ስትጫወቱ ደግሞ «ጋሼ፣ ዋሽተዋል» ማለት ይከብዳል። «ጋሼ፣ ካርታዎ አጠራጠረኝ» በሉ። ቀለል ይላል፣ ጋሼም ይስቃሉ።

ስምንት ሰው ሆናችሁ፣ እልፍኝ አስከልካዩም ማንንም ካላዳነ፣ ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ከተሳሳተ ይሸነፋል። በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ሞቶ ሰባት፣ በስህተት አንድ ወጥቶ ስድስት፣ በሁለተኛው ሌሊት አምስት፣ እንደገና ስህተት፣ አራት። ሁለት ለሁለት። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ድምፅ «ዝም ብሎ ፊቱ አላማረኝም» ብሎ መጣል የሚያስከፍለው። ዝምታን ብቻ አይታችሁም አትፍረዱ፤ ዓይን አፋር ሰው ጆከር ባይዝም ዝም ይላል። ይልቅ ማን ሐሳቡን መቼ እንደቀየረ ተከታተሉ። ብዙው ሰው ወደ አንድ ተከሳሽ ሲያዘነብል ድንገት የሚቀላቀለው ላይ ዓይናችሁን ጣሉ።

ሌባሻይ ከሆናችሁ በመጀመሪያው ቀን «እኔ ነኝ» አትበሉ፤ ሴረኛ እስክታገኙ ታገሡ። ሴረኛ ከሆናችሁ ደግሞ ጓደኛችሁን ሁልጊዜ አትከላከሉለት። መውጣቱ ካልቀረ እናንተም ጣታችሁን ቀስሩበት፤ በሚቀጥለው ቀን ሰው ያምናችኋል።

አንዱ ዙር ሲያልቅ መጀመሪያ የሞተው ሰው ለሚቀጥለው ዳኛ ይሁን። ሲሰለቸው ነው ያመሸው።