መደርደሪያው ሞልቶ መጽሐፍ ሲወጣ የሚሠሩ ስህተቶች

አባዬ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፣ አሁን ጡረታ ላይ ነው። ሠፈራችን ለልማት ሲነሳ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። አልጋው ገባ። ቁምሳጥኑ ገባ። የእማዬ ቡፌም በስንት መከራ ገባ። መጽሐፉ ግን አሥራ አራት ካርቶን ሆኖ ደረጃ ሥር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለእነዚያ መጻሕፍት ሰው ፍለጋ ሁለት ዓመት ያህል ተንከራትቻለሁ። አራት ኪሎ ሄጃለሁ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሄጃለሁ፣ መርካቶ ሄጃለሁ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ትምህርት ቤት ድረስ ሄጃለሁ። እኔ ያበላሸሁት አለ፣ ሌላው ሲያበላሽ ያየሁትም አለ። መጽሐፍ ከቤት ስለወጣ ብቻ ተሰጠ አይባልም። የሚያነበው ሰው እጅ ሲገባ ነው ተሰጠ የሚባለው። ከታች የምጽፋቸው ስህተቶች ሁሉ ይቺን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

«ለገጠር ትምህርት ቤት ይሁን»

ይሄን የማይል የለም፣ ከልባችንም ነው የምንለው። እኔም ብዬ ሦስት ካርቶን በሰማያዊ ሲባጎ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ፣ ሚኒባስ ላይ አስጫንኩና ሁለት ሰዓት ተጉዤ አስረከብኩ። ርዕሰ መምህሩ አመሰገኑኝ፣ ቡና ተፈላ፣ ፎቶ ተነሳን። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ከስምንት ወር በኋላ በሌላ ጉዳይ ተመልሼ ሄድኩ፤ ጉዳዩን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ካርቶኖቹ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች ሥር ነበሩ። ሲባጎው የኔው ነው። ቋጠሮውም የኔው ቋጠሮ። ማንም አልፈታውም።

ርዕሰ መምህሩ ላይ መናደድ አልቻልኩም። ትምህርት ቤቱ መደርደሪያ የለውም፣ ቤተ መጻሕፍት ብለው የሰየሙትን ክፍል የሚከፍት ሠራተኛም የለውም። እኔ ደግሞ ያመጣሁት ምን ነበር? ሞስኮ በአማርኛ የታተሙ የሶሻሊዝም መጻሕፍት፣ የዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ፣ ከስድስት ቅጽ አራቱ ብቻ የተገኘ ኢንሳይክሎፒዲያ። ለአምስተኛ ክፍል ልጅ! «ልጆቹ ተረት ነው የሚፈልጉት፣ ትልልቆቹ ደግሞ የሒሳብና የፊዚክስ ማጣቀሻ» አሉኝ ቀስ ብለው። ቀድሜ አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ይሄንኑ ይነግሩኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስሄድ አርባ ሁለት መጽሐፍ ብቻ ይዤ ነው። ተረት፣ ቀላል ልቦለድ፣ ሁለት መዝገበ ቃላት፣ የሒሳብና የፊዚክስ መልመጃ። ቁልፍ ያለው ትንሽ የብረት ቁምሳጥንም ለሦስት ተዋጥተን ገዛን፤ ተዋሽና መላሽ የሚጻፍበት ደብተርም ጨመርንበት። ተማሪዎች በተራ ይጽፉበታል። በሴሚስተሩ መጨረሻ የአንዱ ተረት መጽሐፍ ሽፋን ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፎ አየሁት፤ ጠርዞቹ ከመገለጥ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሰዋል። ሦስት ካርቶን ያላመጣውን አርባ ሁለት መጽሐፍ አመጣው።

ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ደውሉ። መደርደሪያ አላችሁ ወይ? ማነው የሚከፍተው? ምን ክፍል ናቸው ልጆቹ? ዝርዝር በቴሌግራም ላኩና የሚፈልጉትን ይምረጡ። ማረሚያ ቤትም ይሁን የወረዳ ወጣት ማዕከል ነገሩ ያው ነው፣ መጀመሪያ መጠየቅ። ውጭ ሆናችሁ መጽሐፍ በኮንቴይነር ለምትልኩ ወገኖችም ይሄንኑ ነው የምለው፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤት የጣለውን መማሪያ ለመጫን የሚወጣው ገንዘብ እዚሁ አዲስ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ይገዛል፣ ልጁም በሚገባው ቋንቋ ያነባል።

«መጽሐፍ አያረጅም»

ልቦለድ አያረጅም፣ እሺ። መዝገበ ቃላትም ቢያረጅ ፈላጊ አያጣም። የሚያረጅ መጽሐፍ ግን አለ፣ አርጅቶም ሰው ያሳስታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ስለዋለ የድሮው መማሪያ መጽሐፍ ለክፍል አይሆንም፣ ለመልመጃና ለማጣቀሻ ካልሆነ። እንደዚያ ብላችሁ ንገሩና ስጡ። የሕክምናና የመድኃኒት መጽሐፍ ላይ ደግሞ የታተመበትን ዓመት ሳታዩ ለማንም አትስጡ።

የሕግ መጽሐፍ ለብቻው ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተሽሮ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተተክቷል። የ1952ቱ የንግድ ሕግም በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ዐዋጅ ተተካ። በዚያው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አብዛኛው ክፍሉ ዛሬም ይሠራል። ሦስቱም አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ተመሳሳይ አቧራ ለብሰው ነው የሚቀመጡት! የተሻረው ለተማሪ ከተሰጠ ተማሪውን ገደል ይከተዋል፣ ለታሪክ አጥኚ ከተሰጠ ግን ወርቅ ነው።

«የድሮ ወረቀት ነው፣ ቁራሌው ይውሰደው»

ጎረቤታችን የአጎቷን ዕቃ ስታጸዳ ቁራሌ ጠራች። በር ላይ ቆሜ ሳይ ሰውዬው ጠንካራውን ሽፋን ገንጥሎ ወደ አንድ ጎን ይጥላል፣ ውስጡን ማዳበሪያ ውስጥ ይጠቀጥቃል። በእሱ አልፈርድም፣ ሥራው ነው፤ እሱ የሚገዛው ወረቀት በኪሎ ነው። ከማዳበሪያው አፍ ላይ ግን የየካቲት መጽሔት ጥራዝ ብቅ ብሎ ነበር፣ የደርግ ዘመኑ፣ በቅደም ተከተል የተጠረዘ። ሮጬ ለመንኩት፤ በላስቲክ ባልዲ ለወጠኝ።

ሰው ከወፍራም መጽሐፍ ይልቅ ቀጫጭኑን ቶሎ ይጥላል። የሚጠፋው ግን ቀጫጭኑ ነው። መጽሐፍ በሺህ ይታተማል፣ አንዱ ቤት ቢጠፋ ሌላው ቤት ይገኛል። ከ1985ቱ የፕሬስ ዐዋጅ በኋላ እንደ አሸን የፈሉት ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ የድሮ አዲስ ዘመን፣ የትምህርት ቤት ዓመታዊ መጽሔት፣ የምረቃ በዓል መጽሔት፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ግን ማን ያስቀምጣል? አንድ ቤት ሲጸዳ ያልቃሉ። እንዲህ ያለ ነገር ካላችሁ ስሙን፣ ዓመቱንና ቁጥሩን ጽፋችሁ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ወይም ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን) ጠይቁ። ተራ የቅርብ ጊዜ መጽሐፍ ይዛችሁ ወመዘክር አትድከሙ፤ ከአሳታሚዎች በሕግ ቅጂ ይቀበላል። የጎደለውን ነው የሚፈልገው።

የብራና መጽሐፍ ከአያት የወረሳችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ለማንም ደላላ አታሳዩ። ከአገር ማስወጣት በሕግ የተከለከለ ቅርስ ነው። ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዩት፣ ወይም የወጣበት ቤተ ክርስቲያን ከታወቀ እዚያው ይመለስ። ያረጀ መጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት መጽሐፍም ወደ ደብሩ፣ ቁርኣን ወደ መስጊዱ፤ የክብር አወጋገዱን እነሱ ያውቁታል።

ሳይገልጡ መስጠት

ይሄ ለመናገር አጭር ነው፣ ለመሥራት ግን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይፈጃል። እያንዳንዱን መጽሐፍ በጀርባው ያዙና ገጾቹን ወደ ታች አራግፉ። ከአባዬ መጻሕፍት የወጣው የባንክ ደብተር፣ የእማዬ የድሮ ፎቶ፣ የደረቀ የአደይ አበባ፣ የቤቱ ካርታ ፎቶ ኮፒ፣ አራት ቦታ የታጠፈ የተማሪ ደብዳቤ። ደብዳቤው «መምህር፣ ውጤቴን እንዳያዩብኝ ስላደረጉ አመሰግናለሁ» ይላል። አባዬ አንብቦ ኪሱ ከተተው፣ ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረንም።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስልክ ቁጥር ወይም አድራሻ ካለ ሸፍኑት። መታሰቢያ የተጻፈበትን ገጽ ግን አትቅደዱ። የትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት ካገኛችሁ ከቤታችሁ አንዱ ሰው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ተውሶት ረስቶታል ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ካለ መልሱለት።

«በዚህ ዋጋማ አልሸጥም»

ያገለገለ መጽሐፍ የሚገዙ ነጋዴዎችን ሌባ አድርገን ነው የምናያቸው። እኔም ያልኩትን እያልኩ ነበር፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንዱ ረጋ ብሎ እስኪያስረዳኝ ድረስ። «እህቴ፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዋጋ ተይው። ይቺን ስድስት ወር አቧራዋን እየጠረግሁ ነው የምሸጣት። ይቺኛዋን ደግሞ ዛሬ ማታ ሰው ይወስዳታል፤ ለእሷ ጥሩ እሰጥሻለሁ።» እውነቱን ነው። ነጋዴው የሚገዛው መጽሐፉን ብቻ አይደለም፣ መጠበቁንም ነው።

እዚህ ላይ የምንሠራው ትልቁ ስህተት ጮማ ጮማውን ማስመረጥ ነው። ነጋዴው ከገበያ የጠፉትን አምስት መጽሐፍ መርጦ ይሄዳል፣ ዘጠናው እናንተ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ዘጠናውን በነፃም የሚወስድ አይገኝም። ወይ በጅምላ ተደራደሩ፣ ወይ አምስቱን ራሳችሁ ለብቻ ሽጡ። ቴሌግራም ላይ ስታወጡ ሽፋኑን፣ የታተመበትን ዓመትና የተቀደደ ገጽ ካለ እሱንም አሳዩ። ዋጋውንም እዚያው ጻፉ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ነገር ሰው ያሸሻል። ደግሞ ከመሸከማችሁ በፊት ነጋዴው ቦታው ላይ መኖሩን አረጋግጡ፤ በኮሪደር ልማቱ የተነሱ አሉ። እኔ ሁለት ካርቶን ተሸክሜ ባዶ አጥር አጋጥሞኛል።

«እስኪ ለጊዜው በረንዳ ላይ ይቆይ»

አይቆይም። ሐምሌ ይገባል። የታችኛው ካርቶን ሲሚንቶው ላይ ስለተቀመጠ እርጥበት ይስባል፣ ገጾቹ ይጣበቃሉ፣ ሻጋታው ይሸታል፣ ቀጥሎ ብል ይገባል። የሻገተ መጽሐፍ ለማንም አይሰጥም፣ የጤነኛውንም መደርደሪያ ይበክላል። ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ከመሬት ከፍ አድርጉ፣ ከግድግዳ አርቁ፣ የመጨረሻ ቀን ቁረጡ። እኛ ሁለት ካርቶን በዚህ ምክንያት አጥተናል።

ባለቤቱን አለመጠየቅ

ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ ያልኩት ይሄ ነው። እነዚያን ሦስት ካርቶኖች ስጭን አባዬን አልጠየቅኩትም። «ያዝንብኛል፣ ባያይ ይሻላል» ብዬ ለሐኪም ቀጠሮ የሄደ ቀን አስወጣኋቸው። ከወራት በኋላ አንድ ማታ ዜና ላይ የሆነ አገር ስም ሲነሳ ብድግ ብሎ መደርደሪያው ጋ ሄደ። ጣቱን ከዳር እስከ ዳር አስኬደ። አንዴ ደገመው። «አትላሷ የለችም?» አለ። ሳልመልስ ስቀር ምንም ሳይል ተመልሶ ተቀመጠ። በማግሥቱ ነው ትምህርት ቤቱ ድረስ የሄድኩት። ሲባጎውን በቢላ ቆርጬ ከሁለተኛው ካርቶን ሥር አገኘኋት።

ከዚያ በኋላ የቀረውን አብረን ሠራነው። አራት ምሽት ፈጀ። እኔ አንድ በአንድ አነሳለሁ፣ እሱ መነጽሩን አድርጎ ያያል፣ ከየት እንደገዛው ይነግረኛል፣ ከዚያ «ትቀመጥ» ወይም «ትሂድ» ይላል። ትሂድ ያለውን ደግሞ ለማን እንደሆነ ይጨምራል፤ ይቺ ለእገሌ ልጅ፣ ጂኦሎጂ ነው የሚማረው፣ ይቺ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ይቺ ለጎረቤቱ ጡረተኛ፣ ቀን ቀን ብቻውን ነው የሚውለው። ያስቀረው አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ያስወጣው እኔ ተደብቄ ላስወጣ ካሰብኩት በላይ ነበር።