«መጨረሻውን አበላሹት!»፦ የመጨረሻ ሲዝን ችግሮች፣ መንስኤና መፍትሄ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ የሚሞላበት ቤት ውስጥ ለሚውል ሰው «መጨረሻውን አበላሹት» የሚለው አቤቱታ አዲስ አይደለም። ሲዝን አንድን ሲወስድ እየሳቀ የወጣ ደንበኛ፣ የመጨረሻውን ጨርሶ ሲመጣ ሰላምታ እንኳ አያቀርብም። እኔ እዚያ ነው የምውለው። ከሰማሁት አቤቱታ ግማሹ እውነት ያለው ይመስለኛል፤ ግን የሚቀሰረው ጣት ብዙ ጊዜ ቦታ ይስታል። ድራማ መጨረሻው ክፍል ላይ ሲበላሽ እናየው እንጂ የተበላሸው እዚያ አይደለም፤ ወይ አንድ ሁለት ሲዝን ቀድሞ ነው፣ ወይ እኛው ፍላሽ ላይ ነው። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት እንመርምር።

ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ ሳልል መጻፍ አልችልም፤ ያላያችሁትን ድራማ ስም ስታዩ ዝለሉት። ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምልክት፦ «ምንም አልገባኝም፤ የሆነ ነገር ጎድሏል»

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮፒው ነው። አንድ ልጅ ፕሪዝን ብሬክን ጨርሶ መጣና «ወላሂ ገንዘቤን መልስልኝ፤ ሰውየው እንዴት እንደሞተ ሳያሳዩኝ መቃብሩን አሳዩኝ» አለኝ። «አቦ ፍላሹን አምጣው» ብዬ ከፍቼ ሳይ አራተኛው ሲዝን ክፍል 22 ላይ ቆሟል። ክፍል 22 የሚዘጋው ዓመታት አልፈው፣ የዋናው ሰው የማይክል ወዳጆች መቃብሩ ጋ ተሰብስበው ነው። እንዴት እንደሞተ የሚነግረው «ዘ ፋይናል ብሬክ» የሚባለው፣ 2009 ላይ በዲቪዲ የወጣው ተጨማሪ ነው። አንዱ ኮፒ ላይ ክፍል 23 እና 24 ተብሎ ይቀመጣል፤ ሌላው ላይ እንደ ራሱን የቻለ ፊልም ሌላ ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ላይ ጭራሽ የለም። ማይክል የሚወዳትን ሳራን ከሴቶች እስር ቤት ለማስወጣት ራሱን የሚሰዋው እዚያ ላይ ነው። ሞላሁለት። ተመልሶ ሲመጣ ቅሬታው ተቀይሯል፦ «እሺ ገባኝ፤ ግን ለምን ገደሉት?» ይሄኛው ሌላ በሽታ ስለሆነ ዝቅ ብለን እንመጣበታለን።

መፍትሄው ቀላል ነው፤ ክፍል ቁጠሩ። ጌም ኦፍ ትሮንስ 73 ነው፤ ሶፕራኖስ 86፤ ብሬኪንግ ባድ 62፤ ሲክስ ፊት አንደር 63። የመጨረሻ ክፍል ብዙ ጊዜ ረዘም ስለሚል ለሁለት ተከፍሎ የሚቀመጥበት አለ። የሎስት መዝጊያ ስድስተኛው ሲዝን ላይ 17 እና 18 ተብሎ ይቆጠራል። 17ን ብቻ ይዞ «በአየር ላይ ተዉት» ብሎ የሚምል ሰው አጋጥሞኛል። ሰብታይትሉ ከድምፁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ከቀደመም ያው ነው፤ ቀልዱ ከመነገሩ በፊት ይሳቃል፣ ሞቱ ከመድረሱ በፊት ይለቀሳል። ትርጉም ፊልም ከሆነ ደግሞ ተራኪው የራሱን ወሬ ሲጨምር የዘለለው ንግግር ሊኖር ስለሚችል፣ ቢያንስ የመጨረሻውን ክፍል በኦሪጅናሉ እዩት።

ምልክት፦ ስክሪኑ ድንገት ጠቆረ

ጅማ ውስጥ፣ በተለይ ክረምት ከሆነ፣ መጀመሪያ የጎረቤት መስኮት ይታያል። ጎረቤትም ከጨለመ መብራት ሄዷል። የቴሌቪዥኑ ቀይ መብራት ካልጠፋች ግን እያያችሁ ያላችሁት ሶፕራኖስ ነው።

ጁን 10 ቀን 2007 አሜሪካ ውስጥም ያየው ሕዝብ እንዲሁ ነው የደነገጠው። የማፊያው አለቃ ቶኒ ሶፕራኖ ምግብ ቤት ገብቶ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጧል፤ በሩ ሲከፈት ቀና ይላል፤ ጥቁር። ሙዚቃ የለ፣ ድምፅ የለ። ብዙ ሰው ኬብሉ የተቋረጠ መስሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ «ሞተ፣ አልሞተም» የሚለው ክርክር አላቆመም።

ይህን መጨረሻ ለመመዘን «ሞቷል ወይ?» የሚለው አይረዳም። የሚረዳው «አዘጋጅተውናል ወይ?» የሚለው ነው። አዘጋጅተውናል። እዚያው ስድስተኛው ሲዝን ላይ ቶኒና የእህቱ ባል ቦቢ ሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ሞት ሲያወሩ፣ ቦቢ ሞትህ ሲመጣ ምናልባት ድምፁን እንኳ አትሰማው ይሆናል ይለዋል። ያቺን ወሬ የያዘ ሰው ጥቁሩ ስክሪን ከሰማይ የወረደ አይሆንበትም። በኔ ሚዛን መጨረሻው ያልፋል። አሁንም ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል፤ ያ ግን የኔ ጣጣ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር ሮጠ

ይሄ ዋናው በሽታ ነው፤ ታማሚውም ጌም ኦፍ ትሮንስ ነው።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰኮሩን አልፎ ጊቤ በረሃ ይወረዳል፣ ይወጣል፣ ወልቂጤ ይደረሳል፤ ከዚያም ገና ብዙ ይቀራል። አንድ ሰው ጠዋት ጅማ አውቶቡስ ተራ ታይቶ ቁርሱን አዲስ አበባ በላሁ ቢላችሁ የምትጠራጠሩት መድረሱን አይደለም፤ ጊቤን እንዴት እንዳለፈ ነው የምትጠይቁት። የጌም ኦፍ ትሮንስ ተመልካች ቁጣ በትክክል ሲነገር ይሄው ነው።

አንደኛው ሲዝን ላይ ከዊንተርፌል ወደ ንጉሡ ከተማ የሚደረገው ጉዞ ክፍሎችን ያስቆጥራል፤ ሰዎች በመንገድ ይጣላሉ፣ ይፋቀራሉ፣ ተኩላም ሳይቀር ይሞታል። የድራማው ጉልበት መንገዱ ነበር። ሰባተኛው ሲዝን ክፍል 6 ላይ ግን ጀግኖቹ በረዶ ሐይቅ ላይ ተከበው ሳሉ፣ አንዱ ሮጦ ግንቡ ይደርሳል፣ ቁራ መልእክት ይዛ ደሴት ላይ ያለው ምሽግ ትደርሳለች፣ ንግሥቲቱ ዘንዶዎቿን ይዛ ትመጣለች፤ ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ። ብዙ ሰው ስምንተኛውን ሲዝን ይወቅሳል፤ ሩጫው የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው።

ቁጥሩን እዩት። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ሲዝን እያንዳንዱ 10 ክፍል ነበረው። ሰባተኛው 7፣ ስምንተኛው 6። ቻናሉ ኤች ቢ ኦ ተጨማሪ ሲዝን ቢሠራ ደስ ይለው ነበር፤ ለመቋጨት የወሰኑት አዘጋጆቹ ናቸው። ድራማው የተቀዳባቸው መጽሐፎችም አልደረሱላቸውም፦ አምስተኛው ቅጽ የወጣው ድራማው በተጀመረበት በ2011 ነው፤ 2019 ላይ ድራማው ሲያልቅ ስድስተኛው ገና አልወጣም። መድረሻውን ያውቁታል፤ መንገዱን የሚነግራቸው ግን የለም።

ንግሥቲቱ ዴኔሪስ የንጉሡን ከተማ ስታቃጥል ሰው ሁሉ ጮኸ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሲዝኑ እንደገና ይሠራ ብሎ ፈረመ። እኔ ግን ማቃጠሏ አይደለም ችግሩ እላለሁ። አራተኛው ሲዝን ላይ ባሪያ አሳዳሪዎችን ያሰቀለች፣ ሰባተኛው ላይ እምቢ ያሏትን አባትና ልጅ በዘንዶ እሳት ያስጨረሰች ሴት ናት፤ ጠባይዋ ከጥንት አለ። የጎደለው ከዚያ ጠባይ ወደ ንጹሐን ሕዝብ የሚያደርሰው ቁልቁለት ነው። አንድ ወዳጇ ሞተ፣ ሌላው ከዳት፣ ደወል ተደወለ፣ አለቀ። አስር ክፍል የሚፈልግ ነገር በሁለት ተጠቀለለ። የሚገርመው፣ ይኸው ሲዝን የ2019ን የምርጥ ድራማ ኤሚ ሽልማት ወስዷል፤ ስለዚህ ሽልማት አይታችሁ አትፍረዱ፣ የፈራሚ ብዛት አይታችሁም እንዲሁ።

መፍትሄው ይሄ ነው፦ ድራማው ከመበላሸቱ በፊት ከልብ የወደዳችሁትን ሲዝን መዝጊያ ክፍል እንደገና እዩ። ሲያልቅ ክፍት የቀሩትን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከዚያ ቀሪዎቹን ሲዝኖች ስታዩ የተመለሰውን፣ የተረሳውንና በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈውን ለዩ። «በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈ» የሚለው ከበዛ ድራማው ሮጧል። «የተረሳ» ከበዛ ደራሲዎቹ የተበደሩንን አልከፈሉም። ሁለቱም ጥቂት ሆነው አሁንም ከተናደዳችሁ፣ የተናደዳችሁት በታሪኩ ሳይሆን በገጸ ባሕርይው ዕድል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚደጋገም ክርክር አለ፦ «መጨረሻውን ሳያውቁ ስለጀመሩ ነው»። አይደለም። ብሬኪንግ ባድ አምስተኛው ሲዝን ሲከፈት፣ 2012 ላይ፣ ዋናው ሰው ዋልተር ዋይት መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የተኛ ትልቅ መትረየስ ይገዛል። ጸሐፊዎቹ ያን ጊዜ መትረየሱ ምን እንደሚሠራ አያውቁም ነበር፤ ራሳቸው ተናግረዋል። ግን 16ቱንም ክፍል ያን ዕዳ እያሰቡ ጽፈው በ2013 የመጨረሻው ክፍል ላይ ከፈሉት። ሎስት በተቃራኒው በ2007 የሚያልቅበትን ሲዝን ቆርጦ አሳውቆ ነበር፤ ቀን መቁረጡ ግን ከአቤቱታ አላዳነውም።

ምልክት፦ «ለካ ከመጀመሪያውም ሞተው ነበር»

ሎስት፤ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ደሴት ላይ የቀሩ ሰዎች ታሪክ። አጭር መልስ፦ አልሞቱም። ደሴቱ ላይ የሆነው ሁሉ ሆኗል፤ መጨረሻው ክፍል ላይ የዋናው ሰው የጃክ አባት ለጃክ በግልጽ ይነግረዋል። ስድስተኛው ሲዝን ላይ ጎን ለጎን የሚታየው ሌላ ሕይወትና ሁሉም የሚገናኙበት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናቸው ከሞት በኋላ ያሉት፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜ ሞተው ነው እዚያ የደረሱት።

ታዲያ ይህን ያህል ሰው እንዴት ተሳሳተ? ድራማው አልቆ የሠሪዎቹ ስም ሲወርድ ማንም የሌለበት የአውሮፕላን ስብርባሪ ባሕር ዳር ላይ ይታያል። ያንን ምስል የጨመረው ቻናሉ ነው፤ ከለቅሶው በቀጥታ ወደ ዜና እንዳይገባ፣ ተመልካች ትንሽ እንዲተነፍስ። የታሪኩ አካል አልነበረም። ሰው ግን «አየህ፣ ማንም አልተረፈም» ብሎ ተረጎመው። ስለ እንቆቅልሾቹ ቅሬታ ካላችሁ አብሬያችሁ እናደዳለሁ፤ «ሞተው ነበር» በሚለው ግን ድራማውን አትክሰሱት።

ምልክት፦ «ለምን ገደሉት?» ወይም «ለምን አልገደሉትም?»

ወደ ፕሪዝን ብሬኩ ልጅ እንመለስ። ማይክል መሞቱ ስህተት ነው? ገና ከአንደኛው ሲዝን ጀምሮ ወንድሙን ለማዳን ባንክ ዘርፎ በገዛ እጁ እስር ቤት የገባ ሰው ነው። ራሱን ለሰው መስጠቱ ከጠባዩ ጋር ይሄዳል። ልጁ የተሰማው ሐዘን ነው፤ ሐዘን ደግሞ ድራማው እንደሠራ የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲክስ ፊት አንደር በ2005 ሲያልቅ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዋናዎቹ ሰዎች እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሚሞቱ ያሳያሉ። ክፍሎቹ ሲከፈቱ አንድ ሰው እየሞተ ነበርና ቤቱም የቀብር አስፈጻሚዎች ቤት ነውና፣ ድራማው በስተመጨረሻ ተራውን ለራሱ ሰዎች አደረሰ። እያለቀሰ የማይጨርሰው የለም፤ «አበላሹት» የሚል ግን ብዙ አላየሁም።

እውነተኛው ብልሽት ተቃራኒው ነው፦ ታሪኩ የጠየቀውን ሂሳብ ገበያው ሲከለክል። ዴክስተር በ2013 ሲያልቅ ነፍሰ ገዳዩ ጀልባውን ወደ ማዕበል ነድቶ «ሞተ» ይባላል፤ ቀጥሎ ጢሙን አሳድጎ እንጨት ቆራጭ ሆኖ ይታያል። ቻናሉ እንዲሞት አልፈለገም ነበር ሲሉ ከአዘጋጆቹ አንዱ ተናግረዋል። ስምንት ሲዝን ሙሉ «ይህ ሰው ይያዛል? ይሞታል?» ብሎ የጠየቀ ድራማ ሁለቱንም ሳይመልስ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ፤ በ2021ም ተመልሶ ገባበት። ፕሪዝን ብሬክም በ2017 መቃብር ከፍቶ ማይክልን የመን እስር ቤት ውስጥ አገኘው፤ 9 ክፍል። ያ ልጅ ይህን ሲሰማ በደስታ ሊዘል ነበር። እኔ ግን አራተኛው ሲዝን ላይ ያለቀሰበትን እንባ ቀሙት ባይ ነኝ።

መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ መጨረሻው የተጻፈው ለገጸ ባሕርይው ነው ወይስ ለቀጣይ ሲዝን?

ምልክት፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር አስጠላኝ

ከሰዓት በኋላ ከጓደኞች ጋር ጫት ይዞ ተቀምጦ አስር ክፍል ያሟጠጠ ሰው ንጋት አካባቢ የሚሰጠው ፍርድ በሕግ አይጸናም። የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ተኝታችሁ ተነሥታችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ ድገሙት። ከዚያም ካስጠላ አስጠልቷል።

ምልክት፦ መቶ ክፍል ተንዛዝቶ፣ ባለቀ ጊዜ በአንድ ቀን ተጠቀለለ

ይሄ የቱርኮቹ ነው፤ ቃና ቴሌቪዥን በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እናቶቻችን ሳይቀሩ የሚያውቁት በሽታ። መንስኤው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ እየተቆራረጠ ነው። የነሱ አንድ ምሽት የኛ ሦስት ቀን ይሆናል፤ ተንዛዛ የምንለው ግማሹ የመቀሱ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ እዚያ ድራማ የሚጻፈው እየታየ ነው፤ ተመልካች ከቀነሰ በጥቂት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ጨርሱ ይባላሉ። የተጠፋፉት በአንድ ቀን የሚገናኙት፣ ክፉው በአንድ ክፍል የሚያብደው፣ ሠርጉም ቀብሩም የሚደራረበው ያኔ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ድራማ በመዝጊያው አትመዝኑት። ወደ ኋላ ሄዳችሁ ታሪኩ ሳይጣደፍ በራሱ እግር የሄደበትን የመጨረሻ ክፍል ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከማለቁ ሦስት አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ፍርዱ እዚያ ላይ ይሰጥ። ከዚያ ወዲያ ያለውን «ጨርሱ ተባሉ» ብላችሁ እለፉት፤ መልሳችሁ የምታዩትም ከሆነ እዚያው ላይ አቁሙት።