ጅማ ላይ ማድቤት ከማደራጀታችሁ በፊት ግድግዳውን ዳብሱ

ከድሬዳዋ ጅማ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት አምስት ኪሎ በርበሬ ደፍቻለሁ። እናቴ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ አድርቃ ያስፈጨችው በርበሬ! ቆጪ ሰፈር በተከራየነው ቤት፣ በማዳበሪያ እንዳለ ሲሚንቶው ላይ ግድግዳ አስደግፌ ተውኩት። ነሐሴ ላይ ስፈታው በግድግዳው በኩል ያለው ጓል ሆኖ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል። የላዩን ገፍፌ ቀሪውን ላተርፍ ስል አማቴ «ተይው ልጄ፣ ሻጋታ ሥር አለው» ብለው አስጣሉኝ። ልክ ነበሩ፤ አንዳንዱ የሻጋታ መርዝ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም አይጠፋም።

ስለዚህ መደርደሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ማድቤቱን ባዶ አድርጉና ጠዋት በመዳፋችሁ ግድግዳውን ዳብሱት። ዝናብ የሚመታው በኩልና ከውሃ በርሜሉ ኋላ ያለው ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዴም ያልበዋል። እዚያ ድስት፣ ምጣድና ጀሪካን ይቀመጥ። እህልና ዱቄት ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይሂድ፤ እሱንም ቢሆን አታስነኩት፣ አንድ ስንዝር ይራቅ። ከወለል ማንሳት ደግሞ ግዴታ ነው። እኔ አራት ብሎኬት ላይ ሁለት ጣውላ አጋድሜ ነው የምጠቀመው። አያምርም፤ ግን ሥሩን መጥረግ ይቻላል፣ አይጥም ከገባች ትታያለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዱቄት ላይ ነው። ከወፍጮ ቤት ሲመጣ ትኩስ ነው። እንደመጣ ባልዲ ውስጥ ሞልታችሁ ከከደናችሁት ሙቀቱ ክዳኑ ላይ ላብ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠባል። ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግታችሁ እጃችሁን እስከ አንጓ ስትከቱበት ምንም ሙቀት እስኪጠፋ ተዉት። ከዚያ ከድኑትና በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ገልብጣችሁ እዩ። ጠብታ ካለ እንደገና ይሰጣ። እኔ ለሽሮ ሁለት ጊዜ መልሼ ያሰጣሁበት ቀን አለ፤ ባለቤቴ ሊጥ የማደርቅ መስሎት ስቆብኛል።

ለበቆሎ አንድ መፈተኛ አለች። ደረቅ ጨው ከሁለት እፍኝ በቆሎ ጋር ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩና ደጋግማችሁ ናጡት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ እዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነውና ለማከማቸት አልደረሰም። ጤፍን ነቀዝ ብዙ አያስቸግረውም፤ በቆሎና ሽሮ ግን የአንድ ወር ብቻ አስፈጩ። ፍሪዘር ያለው ሰው ሽሮውን አራት ቀን አቆይቶበት ቢያወጣ የነቀዙ እንቁላልም ይሞታል። አዲሱን በአሮጌው ላይ አትጨምሩ። ባልዲው ይታጠብ፣ ፀሐይ ይምታው፣ ከዚያ ይሞላ።

ጅማ ተቀምጦ ቡናና ማር የማያስቀምጥ የለም። ጥሬ ቡና ሽታ ይስባል፤ ነጭ ጋዝ አጠገብ ያስቀመጥኩትን ቆልቼ ለጎረቤት አቅርቤ ያፈርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ከሽንኩርትም ከጋዝም አርቃችሁ ስቀሉት። ማር ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣልና ክዳኑ ካልገጠመ ይቦካል። ጠጅ ልትጥሉ ካልሆነ ባለ ጥብቅ ክዳን ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ በደረቅ ማንኪያም ይጨለፍ። ቢረጋ አልተበላሸም፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃዋል። ኮረሪማ በክር እንደተሰካ ሚስማር ላይ ይንጠልጠል። ፍሬው ቆዳው ውስጥ እያለ ሽታውን ይይዛል፤ አስቀድሞ ፈልፍሎ ማስቀመጥ ማባከን ነው።

ድንች ጨለማ ቦታ ይሁን፣ ብርሃን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ አረንጓዴ የሆነውም አይበላም። ሽንኩርት ከድንች ተለይቶ ነፋስ በሚያገኘው ቅርጫት ይቀመጥ። እንጀራ ሳይበርድ አይደራረብ።

በረኪና በውሃ ሃይላንድ መቅዳት እኛ ቤት ክልክል ነው። በራሱ ዕቃ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ከምግብም ተለይቶ ይቀመጣል።

ላይኛው መደርደሪያ ለበዓል ድስትና ለትልቁ ሰፌድ ነው፤ የየቀኑ ጭልፋ፣ ጨውና በርበሬ በዓይን ትይዩ። ላይኛውን ለማውረድ የኛን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አትቁሙበት። ለመቀመጫ ነው የተጠረበው፤ ዳር ዳሩን ስትረግጡት ይገለበጣል። እኔን ከነድስቱ ጥሎኛል፣ ድስቱ አሁንም ጎኑ ገብቶ ነው ያለው።