በሐኪም የሚታዘዝ የሬቲኖይድ ክሬም፦ ፊት ላይ ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትሬቲኖይን የሚባለውን የሬቲኖይድ ክሬም የጀመሩ ብዙ ሰዎች ክሬሙን የሚተዉት ገና ሥራውን ሳይጀምር ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፊታቸው ይቀላል፣ አፋቸው ዙሪያ ይላጣል፣ ውሃ እንኳን ሲነካቸው ያቃጥላቸዋል። ያኔ «የእኔ ቆዳ አይችለውም» ብለው ቱቦውን መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። አንዳንዱ ቆዳ በእርግጥም አይችለውም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው አጀማመሩ ላይ ነው፤ አጀማመር ደግሞ ይታረማል።

ሬቲኖይዶች የቫይታሚን ኤ ዘሮች ናቸው፤ ትሬቲኖይን ደግሞ የቫይታሚን ኤ አሲድ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲፈቀድ ለብጉር ነበር። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ መድኃኒቱን ያጠኑ የነበሩት የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የብጉር ታካሚዎች ቆዳችን ለሰለሰ፣ ቀጫጭን መስመሮቻችን ቀነሱ ሲሏቸው ነገሩን ተከታተሉት፤ ፀሐይ ለጎዳው ቆዳ ያለውን ጥቅምም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1986 አሳተሙ። ለዚሁ ዓላማ የተዘጋጀው 0.05 በመቶ ክሬም በ1995 ሲፈቀድ የተጻፈለት ጥቅም ሦስት ነው፦ ለቀጫጭን ሽብሽብ፣ ለዥንጉርጉር የቆዳ ቀለም እና ለሻካራነት። ጥልቅ እጥፋትን ወይም የላላ ቆዳን ይመልሳል የሚል የለበትም። ከክሬሙ የሚጠብቁት እጥፋቱን ወይም የላላውን ቆዳ እንዲመልስልዎ ከሆነ ሳይጀምሩ ከሐኪምዎ ጋር መነጋገር ይሻላል፤ ዓመት ሙሉ ቀብቶ ከማዘን ያድናል።

ከጠንካራው መጀመር

«ጠንከር ያለውን ይዘዙልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ክሬሙ በብዛት የሚገኘው በ0.025፣ በ0.05 እና በ0.1 በመቶ ስለሆነ፣ ቁጥሩ አራት እጥፍ ሲያድግ ውጤቱም አብሮ የሚያድግ ይመስላል። አያድግም። በ1995 የታተመ አንድ ጥናት 0.025 እና 0.1 በመቶውን ፀሐይ በጎዳው ፊት ላይ ለ48 ሳምንታት አወዳድሮ መሻሻሉ ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። በግልጽ የተለያየው የቆዳው መቆጣት ነበር፤ ጠንካራውን የተቀቡት የበለጠ ቀሉ፣ የበለጠ ተላጡ። ይህ እየታወቀ ለጀማሪ 0.1 በመቶ መስጠት ለእኔ ብዙም ትርጉም አይሰጠኝም። ከታዘዘልዎ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ዓይነቱም ልዩነት አለው። አንዳንድ ጄሎች አልኮል ስላላቸው ያደርቃሉ፤ ወዛም ቆዳ ላለው የብጉር ታካሚ ይሆናሉ እንጂ በዕድሜ ለደረቀ ፊት ክሬም ይሻላል። ታዛሮቲን የሚባለው ሌላው ሬቲኖይድ ለሽብሽብም ይታዘዛል፣ ግን ከትሬቲኖይን ይልቅ የማስቆጣት ጠባይ አለው።

ከመጀመሪያው ቀን በየምሽቱ መቀባት

ማዘዣው ላይ «ማታ ማታ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ሳያቋርጡ የሚቀቡ አሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቆዳ ከመድኃኒቱ ጋር ለመላመድ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ መቅላቱና መላጡ የሚበዛውም በእነዚህ ሳምንታት ነው። ብዙ የቆዳ ሐኪሞች የሚመክሩት በሳምንት ሁለት ሌሊት ጀምሮ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ቆዳው ከቻለ ብቻ ወደ ሁልጊዜው መሄድን ነው። በየሁለት ቀኑ ላይ ቆመው ለዓመታት በጥሩ ሁኔታ የሚቀጥሉም አሉ። እነሱ የቀረባቸው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ቆዳዎ ደረቅ ወይም ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ በመጀመሪያ ማርጠቢያ ቅባት፣ ቀጥሎ ትሬቲኖይኑን፣ ከላይ ደግሞ እንደገና ማርጠቢያውን መቀባት ይቻላል። መድኃኒቱ ትንሽ ይለዝብ እንደሆነ እንጂ አይጠፋም። ከነጭራሹ ከማቆም ይህ በብዙ ይሻላል። ፊትዎ ከተቃጠለ ደግሞ ለጥቂት ሌሊቶች ክሬሙን ትተው ማርጠቢያ ብቻ ይቀቡ፤ ሲረጋጋ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብለው ይመለሱ። መዝለል ሕክምናውን አያበላሽም።

ብዙ መቀባት፣ ወይም መስመሩ ላይ ብቻ መቀባት

ለመላው ፊት አተር የምታህል ጠብታ ትበቃለች። ጣትዎ ጫፍ ላይ ያውጧት፤ ግንባር፣ ሁለቱን ጉንጮችና አገጭ ነካ ነካ ያድርጉባት፤ ከዚያ ከመሃል ወደ ውጭ ስስ አድርገው ያዳርሱ። ሲጨርሱ ፊት ላይ ነጭ ነገር ከታየ በዝቷል። የተረፈው ክሬም ሥራ አይጨምርም፤ ቆዳ ያስቆጣል፣ ገንዘብም ያባክናል።

ሽብሽቡ ላይ ብቻ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ መቀባትም ልማድ ነው። ፀሐይ የጎዳችው ግን መላውን ፊት ነው፤ መስመሩ የታየው ጉዳቱ እዚያ ስለገነነ ነው። ስለዚህ ፊቱ በሙሉ ስስ ይቀባል።

ማዕዘኖቹን መርሳት

ክሬም ሌሊት ይንሸራተታል፤ የሚጠራቀመውም የአፍንጫ ክንፍ ሥር፣ የከንፈር ጥግና የዓይን ጥግ ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሲያዛጉ የከንፈርዎ ጥግ ሲሰነጠቅ፣ ጥርስ ሲቦርሹ የጥርስ ሳሙናው ሲለበልብዎ ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክሬሙን ከመቀባትዎ በፊት እነዚህን ቦታዎች ስስ ቫዝሊን ያስነኳቸው። አንገት ላይም ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ቅባት የሚያመነጩ እጢዎቹ ከፊት ያነሱ ስለሆኑ ቶሎ ይቆጣል። ፊት ከለመደው በኋላ፣ እሱም አልፎ አልፎ ይሁን።

እርጥብ ፊት ላይ መቀባት

አብዛኛው የመድኃኒቱ መመሪያ ፊት ከታጠቡ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ ይላል። እርጥብ ቆዳ ላይ ሲቀባ ማቃጠሉ ይብሳል። ለመዱት ማለት ከተቻለ በኋላ ደቂቃ መቁጠሩ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ይጠብቁ።

ሌላ ሌላውን መደራረብ

ትሬቲኖይን እየተቀቡ በዚያው ሳምንት ግላይኮሊክ አሲድ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ፊት መፈተጊያ ስክራብ፣ አልኮል ያለበት ቶነር የሚጨምር ሰው ፊቱን በአምስት አቅጣጫ እየላጠ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ለስላሳ ማጠቢያ፣ ማርጠቢያ እና የፀሐይ መከላከያ ይበቃሉ። የብጉር መድኃኒቱ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድም ከብዙዎቹ የትሬቲኖይን ዓይነቶች ጋር አንድ ላይ ሲቀባ ትሬቲኖይኑን ያፈርሰዋል። ሁለቱም ከታዘዙልዎ አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ ያድርጉት።

የፊት ፀጉር በሰም የሚያስነሡ ሴቶች ይህን በተለይ ይያዙት፦ ትሬቲኖይን የላይኛውን የቆዳ ንብርብር ስለሚያሳሳ ሰሙ ሲነቀል ከፀጉሩ ጋር ቆዳም ይዞ ይመጣል። ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብሎ ክሬሙን ማቆም፣ ሰሙን ለምትሠራልዎትም መናገር ያስፈልጋል።

መላጡን የውጤት ምልክት አድርጎ መቁጠር

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ፊት ያበላሸው ይህ አስተሳሰብ ይመስለኛል። «ካልተላጠ አልሠራም» የሚል ሰው ቆዳው ሲለምድ ደንግጦ መጠኑን ይጨምራል፤ ሲላጥ ደግሞ ደስ ይለዋል። መላጥ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ ብዙ የተላጡት የበለጠ አላገኙም።

ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላለው ሰው ጉዳቱ ከማቃጠል ያልፋል። የተቆጣ ቆዳ ሲድን ጥቁረት ጥሎ ይሄዳል፤ ነጠብጣብ ላጥፋ ብሎ የጀመረ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ነጠብጣቡ ጨምሮ ያገኘዋል። ይህ ጥቁረት ለመልቀቅ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ለእኛ ዓይነቱ ቆዳ ዝግታ ምርጫ አይደለም፣ የሕክምናው አካል ነው።

ታዲያ ውጤት መቼ ይመጣል? በመጀመሪያው ወር የሚታየው ልስላሴና ወዝ ከላይኛው ንብርብር ለውጥ የመጣ ነው። ዥንጉርጉሩ ቀለም መቅለል የሚጀምረው ከሦስት ወር አካባቢ ነው። ቀጫጭን መስመሮች ደግሞ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ቆዳ ሥር ያሉት ሕዋሳት ቆዳን የሚያጠነክረውን ፕሮቲን፣ ኮላጅንን፣ አዲስ እንዲሠሩ ማድረግ አለበት። በ1993 የታተመ ጥናት ከ10 እስከ 12 ወራት ትሬቲኖይን ሲቀቡ በቆዩ ሰዎች ላይ የአንዱ ኮላጅን ዓይነት አሠራር በ80 በመቶ ጨምሮ አግኝቶታል፤ መድኃኒት የሌለበትን ክሬም በተቀቡት ላይ ግን ቀንሶ ነበር። ወራቱን ልብ ይበሉ። መስታወት ፊት በየጠዋቱ ከመመርመር በመጀመሪያው ቀን አንድ ፎቶ አንሥቶ፣ በዚያው ቦታና ብርሃን ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ማንሣት የተሻለ መልስ ይሰጣል።

«የምቀባው ማታ ስለሆነ ፀሐይ አያሳስበኝም»

ማታ የሚቀባበት አንዱ ምክንያት ትሬቲኖይን በብርሃን ስለሚፈርስ ነው። ቆዳው ግን ቀንም ያው የሳሳው ቆዳ ነው። ክሬሙ ሲፈቀድም ፀሐይን ከመከላከል ጋር አብሮ የሚሄድ ሕክምና ተብሎ እንጂ ራሱን ችሎ አይደለም። ሌሊት እየጠገኑ ቀን ማስጎዳት ድካም ብቻ ነው።

ኤስፒኤፍ (የመከላከያ ደረጃው) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዩቪኤ የተባለውን የፀሐይ ጨረርም የሚከላከል ሰንስክሪን በየጠዋቱ ይቀቡ። ዩቪኤ ደመናንም የመስኮት መስታወትንም ያልፋል፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የሚውል ሰው «ቤት ነኝ» ብሎ አይለፈው። መጠኑ ላይ ከትሬቲኖይኑ በተቃራኒ አይሰስቱ፦ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት የተዘረጋ ክሬም። ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ማዲያት ወይም በቀላሉ የሚጠቁር ቆዳ ካለዎት ቀለም ያለውን ሰንስክሪን ይምረጡ፤ ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ዓይን የሚያየውን ብርሃን ጭምር ይከላከላል፤ ይህ ብርሃን ማዲያትን ያባብሳል። ኮፍያና ጥላ ዋጋቸው ከሁሉም ያነሰ፣ ጥቅማቸው ግን የማይናቅ ነው።

አንቲባዮቲኩን ዶክሲሳይክሊን ወይም ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ከሆነ ክሬሙን ለሚያዝልዎት ሐኪም ይንገሩ። ሁለቱም ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲጎዳ ያደርጋሉ።

የተቀላቀለ ክሬምን ከትሬቲኖይን ጋር ማምታታት

ትሬቲኖይን፣ ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን እና ስቴሮይድ በአንድ ቱቦ የተቀላቀሉበት ክሬም አለ። የታወቀው ቅንብር 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን፣ 0.05 በመቶ ትሬቲኖይን እና 0.01 በመቶ ፍሉኦሲኖሎን (ስቴሮይዱ) ነው፤ ለማዲያት፣ ለጥቂት ሳምንታት፣ በሐኪም ክትትል ይሰጣል። ለሽብሽብ ተብሎ ለዓመታት የሚቀባ ነገር አይደለም። አሳሳቹ ነገር መጀመሪያ ላይ ከትሬቲኖይን ለብቻው ይልቅ የተሻለ መምሰሉ ነው፦ ስቴሮይዱ መቅላቱን ስለሚያፍነው ፊት በሁለት ሳምንት ጥርት ይላል። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይወጣል፣ ብጉር ይበዛል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊት እሳት ይሆናል። ሃይድሮኪኖኑም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሰማያዊ ያዘለ፣ ለማከም የሚያስቸግር ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ቱቦው ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ያንብቡ። ጽሑፍ የሌለበት፣ በትንሽ ዕቃ ተገልብጦ የተሰጠ ክሬም ከሆነ አይቀቡት፤ የሰጠዎት ሰው ፊቱ ምንም ያህል ቢያምር።

እርግዝና

የሚዋጡት ሬቲኖይዶች፣ ለምሳሌ አይሶትሬቲኖይን፣ በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳሉ። በቆዳ የሚቀባው ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ቢሆንም ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴት እንዳትቀባው ይመከራል፤ ታዛሮቲን ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሳያውቁ ሲቀቡ ቆይተው እርጉዝ መሆንዎን ከሰሙ ያቁሙና ለሐኪም ይንገሩ። መሸበር አያስፈልግም፤ በቆዳ የተቀባ ትሬቲኖይን ብቻውን እርግዝና ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

ሐኪም ያላየው ነገር ላይ መቀባት

ፀሐይ የጎዳው ፊት ላይ ያለ ሁሉ ሽብሽብና ነጠብጣብ አይደለም። በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር ቅርፊት፣ የሚያብረቀርቅ ትንሽ እብጠት፣ መልኩን የለወጠ ማርያም ስሞሽ፣ እየደማ እየደረቀ የሚመላለስ ቁስል ካለ ከክሬሙ በፊት የቆዳ ሐኪም ይየው። ትሬቲኖይን ቅርፊቱን ልጦ ለጊዜው የተሻለው ሊያስመስል ይችላል፤ ከሥር ያለው የካንሰር መነሻ ከሆነ ግን ያ መሻሻል ጊዜ መብላት ነው። ችፌ ያለበት ቆዳ ላይም መቀባት የለበትም፣ ክፉኛ ያስቆጣዋል። ክሬሙን ከጀመሩ በኋላም ቢሆን በአራት ሳምንት ያልዳነ ቁስል «ትሬቲኖይኑ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ክሬሙን እዚያ ቦታ ላይ ያቁሙና ያሳዩት።