የጥንቱን ዝናብ ከሐይቅ ደለል እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ከ10,000 ዓመት በፊት በጣና ዙሪያ ምን ያህል ይዘንብ እንደነበር የመዘገበ ሰው የለም። ዝናቡ ግን አሻራውን በሐይቁ ደለል ውስጥ ትቷል። ተመራማሪዎች እንዲህ ካለ ደለል የሚያገኙትን ቁጥር ብዙ ጊዜ በነጻ ይለቁታል። ኮምፒውተርና ኤክሴል ካላችሁ እናንተም ልታነቡት ትችላላችሁ። የሚከብደው ቁጥሩ የሚናገረውን በትክክል መስማቱ ነው።

መጀመሪያ ከባዱንና ቀላሉን ውሃ ለዩ

ውሃ ሁሉ እኩል አይመዝንም። ከ500 ገደማ የኦክስጅን አቶሞች አንዱ ከሌሎቹ ይከብዳል፤ ኦክስጅን 18 ይባላል። ሃይድሮጅንም ዲዩተሪየም የሚባል ከባድ ዓይነት አለው። እንዲህ ያሉት የአንድ ንጥረ ነገር ቀላልና ከባድ ዓይነቶች አይሶቶፕ ይባላሉ። ውሃ ሲተን ቀላሉ ይቀድማል። ደመና ሲዘንብ ደግሞ ከባዱ ቀድሞ ይወርዳል። ስለዚህ በየመንገዱ እየዘነበ ከሩቅ የመጣ ደመና ከባዱን አራግፎ ነው የሚደርሰው። በሞቃታማው የምድር ወገብ አካባቢ ዝናቡ ሲበረታም ከባዱ ያንሳል።

ልዩነቱ ጥቃቅን ስለሆነ የሚሰላው ከሺህ ነው። የውቅያኖስን ውሃ የሚወክል ዓለም አቀፍ መነሻ አለ፤ እሱ ዜሮ ተብሎ ይቆጠራል። ፋይል ውስጥ -170 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ የናሙናው የዲዩተሪየም ድርሻ ከመነሻው ከሺህ 170 እጅ ያንሳል ማለት ነው።

ከዛሬው ዝናብ ተነሱ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ በቀጥታ ወደ ጥንቱ ይሄዳል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ እላለሁ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ የዝናብ አይሶቶፕ መረጃ ከመላው ዓለም ይሰበስባል። አዲስ አበባም ከነባር ጣቢያዎቹ አንዷ ናት።

የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ ያስገርማል። ከፍ ባለ ቦታ የሚዘንብ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከባዱ ያነሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ሳለ ዝናቧ ከሚጠበቀው በላይ ከባዱን ይዟል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከውሃው ምንጭ ጋር ያያይዙታል። ከውሃው የተወሰነው በቀጥታ ከባሕር የመጣ አይደለም። በኮንጎ ተፋሰስና በደቡብ ሱዳን ረግረግ አንዴ ዘንቦ፣ ከመሬትና ከዕፅዋት ዳግመኛ ወደ አየር የወጣ ነው። በግሪንላንድ በረዶ ላይ የአይሶቶፑ ቁጥር በዋናነት ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይናገራል። ያንኑ ስሌት አምጥቶ ኢትዮጵያ ላይ መጫን ግን ስህተት ላይ ይጥላል።

መዝገቡ ምን እንደሆነ እወቁ

የዋልታ በረዶ ራሱ የጥንት ዝናብ ነው። በዋሻ ውስጥ ጠብታ በጠብታ የሚያድገው የኖራ ድንጋይ ወደ ዋሻው የሰረገውን ዝናብ ይመዘግባል። የቀንድ አውጣ ዛጎል ያደገበትን የሐይቅ ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ እንደ አብያታ መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ የሚያሳየው ዝናብን ብቻ ሳይሆን ትነትንም ነው። የቅጠል ሰም ሌላው መዝገብ ነው። ተክሉ ከአፈር የጠጣው ውሃ ሃይድሮጅን በቅጠሉ ላይ ባለው ስስ ሰም ውስጥ ይቀራል። ሰሙን ጎርፍ ወደ ሐይቅ ያወርደዋል፣ ጭቃው ደግሞ ያስቀምጠዋል።

ፋይሉን አውርዳችሁ ሳሉት

የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖአ፣ የጥንት አየር ንብረት ማህደር አለው። የሐይቁን ወይም የዋሻውን ስም ጽፋችሁ ፈልጉ። ፋይሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥልቀት፣ ዕድሜና የአይሶቶፕ ቁጥር ታገኛላችሁ። ዕድሜው “ከአሁን በፊት” ከተባለ፣ “አሁን” የሚባለው 1950 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ስንት ናሙና በካርቦን 14 ወይም በሌላ መንገድ ዕድሜው እንደተለካ እዩ። በተለኩት መካከል ያለው ዕድሜ በስሌት የተሞላ ነው። በሥዕሉ ላይ ዕድሜውን አግድም አድርጉት። የአይሶቶፑን መስመር ደግሞ ገልብጡት፤ ከባዱ ያነሰበት ዘመን ወደ ላይ ሲወጣ ለማንበብ ይቀላል።

ቸኩላችሁ “ዝናብ ቀነሰ” አትበሉ

በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የጣና የቅጠል ሰም ጥናት 15,000 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። የዲዩተሪየሙ ቁጥር ከ-80 እስከ -170 ይዋዥቃል። ከ13,000 እስከ 11,500 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ከባዱ በአንዴ ቀነሰ። ከ8,500 እስከ 8,000 ዓመት በፊት ደግሞ መልሶ ጨመረ። ሥዕሉን ያየ ሰው “ያኔ ረጠበ፣ ከዚያ ደረቀ” ብሎ መደምደም ያምረዋል። ተመራማሪዎቹ ግን ከዝናቡ መጠን ባሻገር ምንጩም እንደተቀየረ አስረድተዋል፤ ከኮንጎ ተፋሰስና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት ድርሻ ተለዋውጧል። የአዲስ አበባን ዝናብ አስቀድሞ ያየ አንባቢ ይህ አይደንቀውም።

ዕፅዋቱንም አትርሱ። ሣርና ዛፍ ከአንድ ዓይነት ውሃ የተለያየ ሰም ይሠራሉ።

ሌላ ምስክር ፈልጉ

ከጣና ደለል ሥር የተገኘው ጠንካራ ደረቅ ንብርብር ሐይቁ ከ16,000 ከሚበልጥ ዓመት በፊት ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ይህን ለማወቅ አይሶቶፕ እንኳ አላስፈለገም። የአበባ ብናኝ፣ የዛጎልና የዋሻ ድንጋይ መዛግብትንም አጠገቡ አስቀምጡ። ለውጡ በዕድሜ ስህተት ወሰን ውስጥ ከገጠመ ጥሩ ነው። ካልገጠመ ወቅቱን ተመልከቱ። ጣና በዋናነት የክረምት ዝናብ ነው የሚያገኘው። በምዕራብ ሐረርጌ የሚገኙት የመቻራ ዋሻዎች ግን የበልጉንም የክረምቱንም ዝናብ ይመዘግባሉ። ሁለቱ መስመሮች ስለተለያዩ ብቻ አንዱ ተሳስቷል አትበሉ፤ በልጉና ክረምቱ በየፊናቸው ተለውጠው ሊሆን ይችላል።