ቀላል መልህቅ አልይዝ ሲል፦ በጎርጎራ በኩል ጣና ላይ ለሚሠሩ

ዳንፎርዝ የሚባለው ባለ ሁለት ክንፍ ቀላል መልህቅ ጀልባን የሚይዘው በክብደቱ አይደለም። ክንፎቹ መሬት ውስጥ ሲቀበሩ በላያቸው የተጫነው አፈር ነው የሚይዘው። ስለዚህ ድንጋይ አስረው ከማክበድዎ በፊት አጣጣሉን ይመርምሩ።

ይጎተታል። ገመዱ በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል፤ ዳር ላይ በአንድ መስመር የነበሩ ዛፍና ቤት ይለያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የገመድ ማጠር ነው፦ ገመዱ ወደ ላይ ሲስብ ዘንጉ (ገመዱ የሚታሰርበት የመልህቁ ረጅም ብረት) ይነሳና ክንፎቹ ይነቀላሉ። የውሃውን ጥልቀትና የጀልባው አፍንጫ ከውሃው ያለውን ከፍታ ደምረው በ5፣ ነፋስ ካለ በ7 ያባዙ። ውሃው 4 ሜትር፣ አፍንጫው 1 ሜትር ከሆነ፣ ነፋስ ሲኖር 35 ሜትር ይልቀቁ። ጣና ጥልቅ ሐይቅ ስላልሆነ እዚህ ገመድ መቆጠብ ትልቅ ስህተት ነው። በመልህቁና በገመዱ መካከል ጥቂት ሜትር ሰንሰለት ካለ ዘንጉ መሬት ላይ ተኝቶ ይቆያል።

ገመዱ በቂ ሆኖም ይንሸራተታል። የመገጭና የድርማ ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አካባቢ ወለሉ ለስላሳ ደለል ነው። ክንፎቹ ከዘንጉ የሚከፈቱበት የተለመደው ማዕዘን 32 ዲግሪ ሲሆን ለአሸዋ ይስማማል፤ ለስላሳ ጭቃ 45 ይፈልጋል። መልህቅዎ የሚስተካከል ከሆነ ይቀይሩት፤ አሸዋ ላይ ግን 45 አይነክስም፣ ይመልሱት። የማይስተካከል ከሆነ ቀስ ብለው ያውርዱት፣ ጥቂት ደቂቃ ይስጡት፣ ከዚያ ሞተሩን በዝግታ ወደ ኋላ ያስኪዱ። ጀልባው እየሄደ መልህቅ መጣል አይገባም፤ ክንፎቹ ሳይነክሱ ወለሉ ላይ ይንሸራተታሉ።

ነፋስ ሲዞር ይለቃል። ተነቅሎ ሲገለበጥ ማጠፊያው ላይ የተጋገረው ጭቃ ክንፎቹን እንዳይወዛወዙ ስለሚይዛቸው ዳግም አይነክስም። አውጥተው ይጠቡት፤ ክንፎቹ በሁለቱም በኩል ያለ ችግር መወዛወዝ አለባቸው። ዝገት ካለ ያስለቅቁት። ለአዳር ሰው ጀልባው ላይ ይኑር።

እምቦጭ። ክንፉ ላይ ሥር ከተጠመጠመ አፈር አይነካም፤ አጽድተው ጠራ ያለ ቦታ ይጣሉት። በነፋስ የሚገፋ የእምቦጭ ክምር ገመዱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ በደንብ የያዘን መልህቅ እንኳ ሊነቅል ይችላል። ሲቀርብ ቦታ ይቀይሩ።

ድንጋይ ሥር ተቀርቅሯል። ወደ ላይ አይታገሉት፤ ዘንጉ ይጣመማል። በተጣለበት ተቃራኒ አቅጣጫ ጀልባውን ቀስ ብለው ያስኪዱ። ድንጋያማ ቦታ ላይ ከመጣልዎ በፊት በክንፎቹ በኩል፣ መልህቁ ራስ ላይ፣ ሌላ ቀጭን ገመድ አስረው ጫፉን ባዶ ጀሪካን ላይ አስረው ያንሳፍፉ፤ ሲቀረቀር በዚያ ይስባሉ።