ከቤተ ሙከራ የወጣ ሴንሰር ፋብሪካ ውስጥ እንዲሠራ

ከዩኒቨርሲቲ ምርምር ተነስቶ የኢንዱስትሪ ሴንሰር የሚሸጥ ኩባንያ ሲቋቋም መጀመሪያ የሚቋጨው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ተማሪው፣ መምህሩና ዩኒቨርሲቲው ያላቸው ድርሻ በጽሑፍ ሳይሰፍር ባለሀብት አታነጋግሩ። የፓተንት ማመልከቻውም ከጥናታዊ ጽሑፉ ይቅደም። በአውሮፓ የፓተንት ሕግ አስቀድሞ ለሕዝብ የቀረበ ነገር እንደ አዲስ ፈጠራ አይቆጠርም፤ ጉባኤ ላይ የተለጠፈ ፖስተር እንኳ ያበላሸዋል።

ብዙ ቡድን የሚሰናከለው ግን ሴንሰሩ በሚያወጣው ምልክት ላይ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ንባቡ ላፕቶፕ ላይ ከታየ ይበቃል። ፋብሪካው የሚፈልገው ቀድሞ ባለው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ምልክት ነው፤ በስፋት የሚሠራበት በ24 ቮልት የሚሄደው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። እስከ 10 ባር የሚለካ የግፊት ሴንሰር ግፊት ሳይኖር 4፣ በ5 ባር 12፣ በ10 ባር 20 ሚሊአምፔር ይልካል። መነሻው 4 የሆነው ሽቦ ሲበጠስ ንባቡ 0 ስለሚሆን ነው፤ ግፊት ማጣትና ሽቦ መቆረጥ አይምታቱም። ሴንሰሩ የራሱን ብልሽት ሲያውቅ ደግሞ ከ3.6 የማይበልጥ ወይም ከ21 የማያንስ ሚሊአምፔር ይላክ።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። በሁለት ሽቦ ብቻ የሚሠራ ሴንሰር ኃይሉንም ከዚያው መስመር ስለሚወስድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው በሙሉ ከ3.6 ሚሊአምፔር ባነሰ መሥራት አለበት። ዋይፋይ ያለው የምርምር ሰሌዳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበላል፤ በመጠጋገን አይድንም፣ እንደ አዲስ ይነደፋል። ስለዚህ የኃይል ስሌቱ ከንድፉ በፊት ይሠራ።

ሽፋኑን አይፒ67 (የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ) አድርጎ መተው አይበቃም። ያ የሚያረጋግጠው ሴንሰሩ አቧራ እንደማያስገባና 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየቱን ነው። ትኩስ ማሽን ቆሞ ሲቀዘቅዝ የሴንሰሩ ሽፋን በኬብሉ በኩል እርጥብ አየር ይስባል፤ ከሳምንታት በኋላ ሰሌዳው ላይ ጠል ይገኛል። ውስጡን በሬዚን መሙላት፣ ወይም አየር አሳልፎ ውሃ የሚከለክል ማስተንፈሻ መግጠም ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያው የፋብሪካ ሙከራ አንድ ማሽንና አንድ የብልሽት ዓይነት ምረጡ፤ "ተሳካ" የሚባለው ምን ሲታይ እንደሆነም ከጥገና ክፍሉ ጋር አስቀድማችሁ ጻፉ። የንዝረት ሴንሰር ከሆነ አገጣጠሙ ሁሉንም ይወስናል። በደቂቃ 1500 ዙር የሚዞር ሞተር በ25 ኸርዝ ይነዝራል፤ የኩሽኔታ ጉዳት የመጀመሪያ ምልክት ግን ብዙ ጊዜ በሺዎች ኸርዝ ውስጥ ነው። ሴንሰሩ በቀለም ላይ በማግኔት ከተለጠፈ ያ ምልክት ይደበዝዛል፤ ቡድኑም ጥፋቱን ሶፍትዌሩ ላይ ሲፈልግ ይከርማል። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቁ፣ ቦታውን አስተካክሉ፣ ስስ ግሪስ ቀቡ፣ በብሎን እሰሩ። ኬብሉም እንዳይወዛወዝ ከሴንሰሩ አጠገብ ይታሰር።

ሽያጭ ሲጀመር እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥርና የካሊብሬሽን (ንባቡን ከታወቀ መለኪያ ጋር የማመሳከር) መዝገብ ይኑረው። መዝገቡ በክፍል ሙቀት ብቻ የተለካ አይሁን፤ በሚሠራበት ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀትም ይለካ።